የአራተኛዋ ጥንቸል ደም

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

መስመሩ የለም።

ጠዋት ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁ፤ የለም። አራት ሰዓት ላይ በማጉያ መነጽር አየሁ፤ የለም። ከምሳ በኋላ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፌ አየሁ። ያው ባዶ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገልጬ ሁሉ አየሁ፤ ሞኝነት እንደሆነ እያወቅኩ።

የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ክፍሌ ይቀጥል ወይስ የሲሚንቶ መጋዘን ይሁን የሚለውን ይወስናሉ። የምርምር ጣቢያው አስተዳዳሪ ጓድ ታደሰ ዛሬም በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በዓይኑ ሲለካ ነበር። "ጓድ ትርሲት፣ ውጤት እንጠብቃለን" አለኝ። የሚጠብቀው ሲሚንቶውን ነው።

ለኮሚቴው የምለውን እዚህ ልለማመድ። ለእነሱ ካልገባቸው ጥፋቱ የእኔ ነው ይባላልና በቀላል አማርኛ ይሁን።

የጉበት በሽታ የሚያመጣ አንድ ቫይረስ አለ። ቫይረሱ ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ ብቻውን ሲሠራ፣ በሽታውን የሚዘራው ፍሬ ውስጡ ሳይኖር፣ ራሱን በራሱ ገጣጥሞ በዓይን የማትታይ ኳስ ይሆናል። ፍሬው የወጣለት የቡና ገለፈት በሉት፤ ቢዘሩት አይበቅልም። ሰውነታችን ግን የሚያየው ውጭውን ነው፤ ጠላት መጣ ብሎ ይነሣል። የእኔ ሥራ በዚያ ባዶ ኳስ ላይ ከወባ ተውሳክ የተወሰደች ትንሽ ቁራጭ መጫን ነው። ቁራጯ ለብቻዋ ብትወጋ ሰውነት ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ኳሱ ላይ ተደርድራ ስትመጣ ግን ያውቃታል፣ ይይዛታል። እንዲህ ከሆነ የወባ ክትባት የሚጫንበት አጋሰስ አገኘን ማለት ነው።

"አጋሰስ" የሚለውን ላውጣው ይሆን? ጓድ ታደሰ ይስቃል። ይሳቅ።

ክርክሩ ቁራጯ የት ላይ ትጫን የሚለው ነው። ሞስኮ ያሉት ፕሮፌሰሬ ከቅርፊቱ ጭራ ላይ ትሁን አሉ። እኔ ጫፉ ላይ አልኩ፤ ኳሱ እሾህ መሰል ጫፍ አለው፣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ "ያንቺኑ ሠርተን እንስጥሽ፤ ወባ ያለው ያንቺ አገር ነው፣ ሄደሽ ሞክሪው" ብለው ጥቂት ብልቃጥ በቴርሞስ አሸክመው ሰደዱኝ። ብልቃጦቹ አልቀዋል። ሁሉም ጥንቸሎቹ ውስጥ ነው ያለው።

አራት ጥንቸሎች ነበሩ። አንደኛዋና ሁለተኛዋ ባዶውን ኳስ ተወጉ። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ወባ የተጫነበትን። ሦስተኛዋ ታኅሣሥ ላይ ሞተች። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አራተኛዋ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ከጆሮዋ ደም ወሰድኩ። ሳህኑ ላይ እንደ ሙጫ የረጋው አጋር ላይ ሁለት ጉድጓድ ይበሳል፤ በአንዱ ደሟ፣ በሌላው ለመፈተኛ ለብቻዋ የተላከችልኝ የወባዋ ቁራጭ። ሁለቱ በዝግታ ይጓዛሉ። ከተዋወቁ የተገናኙበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ይሠራል።

አልተዋወቁም።

ምን ሊሆን ይችላል? አጋሩ አርጅቶ ይሆናል። እሑድ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ቀዝቅዞ ይሆናል። ቁራጯ ተበላሽታ ይሆናል። አለበለዚያ ፕሮፌሰሩ ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ይመስለኛል።


ረቡዕ፣ የካቲት 9

አዲስ አጋር አፍልቼ እንደገና አቆምኩት። እስከ ነገ መጠበቅ ነው።

እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ ክፉ ነገር ያስባል። ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ጀመርኩ፦ "እርስዎ እንዳሉት..." ከዚያ አልፎ መሄድ አቃተኝ። ቀደድኩት።

ወንድሜን ታምራትን አሰብኩ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆላ ወርዶ ፊደል ሲያስቆጥር በወባ የሞተ ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። እናታችን እስከ ዛሬ "ብርድ መታው" ነው የምትለው። ወባ ማለት አትወድም፤ እኛ አገር ደብረ ብርሃን ወባ የለማ። ይህን ሥራ የያዝኩት ለእሱ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ የወደድኩት ኳሶቹን ነው፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳያቸው ውበታቸው አስደነገጠኝ። ታምራት የመጣው በኋላ ነው። ግን ከመጣ ወዲህ አልሄደም።

አባ ቢያ ከሰዓት በኋላ ሙቅ ውሃ አመጡልኝ። የጥንቸሎቹ ጠባቂ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ዝምተኛ፣ ወደ የቡ በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር በእግራቸው የሚመላለሱ። ሌላ ጊዜ "ዶክተር፣ ፊትሽ ገረጣ፣ ጾሙ በረታብሽ?" ይሉኝ ነበር። ዛሬ ባልዲውን አስቀምጠው ሳያዩኝ ወጡ። እሳቸውም ክፍሉ ሊዘጋ መሆኑን ሰምተዋል ብዬ አዘንኩላቸው።


ሐሙስ፣ የካቲት 10

መስመር የለም። ግን የዛሬው ነገር ሌላ ነው።

ለሦስተኛ ሙከራ ደም ልወስድ አራተኛዋን ከጎጆዋ አወጣኋት። ጆሮዋን በአልኮል ጠረግኩ። ሥሩን ፈለግኩ። ከዚያ እጄ ቆመ።

ከኅዳር ወዲህ አራተኛዋን ሦስት ጊዜ በግራ ጆሮዋ ሥር ኳሱን ወግቻታለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ስትፈራገጥ መርፌው ቀደዳት፤ ሲድን ጠባሳ ጥሎ ነበር። እኔው ነኝ ቅባት የቀባኋት። ይህች ጥንቸል በግራ ጆሮዋ ላይ ያላት የቅዳሜው መርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሌላው ንጹሕ ነው። ጀርባዋ ላይ ቁጥሯን የሚያሳዩት አራት ሐምራዊ ሰረዞች ደማቅ ናቸው፤ የአንደኛዋና የሁለተኛዋ ግን ከደበዘዙ ወር ሆኗቸዋል።

ይህች የእኔ ጥንቸል አይደለችም። አንድም ቀን ተወግታ የማታውቅ፣ ከየት እንደመጣች የማላውቃት ጥንቸል ናት። ደሟ ውስጥ መስመር ስፈልግ ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ዲዛይኔ አልወደቀም። ቀጥሎ ንዴት መጣ። አባ ቢያን ስጠራ ሣር ሊያጭዱ ሄደዋል ተባልኩ። ይሻላል። ዛሬ ባገኛቸው የማልመልሰው ቃል እናገር ነበር።


ዓርብ፣ የካቲት 11

በሩን ዘግቼ አስቀመጥኳቸው። ጥንቸሏን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጆሮዋን አሳየኋቸው። 

"አራተኛዋ የት ናት?" አልኳቸው።

"የለችም። ማል ጎዳ፣ ዶክተር? ምን ላድርግ?"

ቀስ በቀስ ወጣ። ጥር መጨረሻ ላይ እኔ ለሥራ አጋሮ በነበርኩበት ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት ሲመጡ የአራተኛዋ ሆድ ተነፍቶ አገኟት። እርጥብ ጎመን በልታ ነው ይላሉ። ተንፈራገጠች። ልትሞት ነው።

"በክት ሆና ከምትቀር ብዬ ቢላ አመጣሁ። ቢስሚላህ ብዬ አረድኳት። ሥጋዋን መንደር ወሰድኩ፣ ሸኹን ጠየቅኩ፣ ጥንቸል ሐላል ናት አሉ። ልጆች በሉ።"

ኳሱ ባዶ ነው፤ ከተወጋችም ስንት ሳምንት አልፏል፤ ልጆቹን የሚጎዳ ነገር የለውም። ሆኖም ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። "ድጋሚ አምጣ እያሉኝ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ደዶ ድረስ ሄደው፣ ጣቢያው ድሮ ያከፋፈላቸውን ጥንቸሎች ከሚያረባ ገበሬ ይህችን አመጡ። ሐምራዊውን ቀለም ራሳቸው ቀቡ።

"ለምን አልነገሩኝም?" ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የትኛው ወረቀት እንደሆነ ያውቃሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። "በታኅሣሥ ወር በጠባቂው ቸልተኝነት ምክንያት ጥንቸል ቁጥር 3 የሞተች ስለሆነ፣ ይህ ዓይነቱ ድርጊት ቢደገም እንደ አሻጥር ተቆጥሮ..." ከሥሩ የአውራ ጣታቸው አሻራ አለ።

"በጠባቂው ቸልተኝነት" የሚለው የእኔ ቃል ነው። ታኅሣሥ ላይ ተናድጄ ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩት። ጥንቸሏን እንኳ ከፍቼ አላየኋትም። ብርድ ይሁን በሽታ የማውቀው ነገር አልነበረም። ንዴቴን የሚያሳርፍ ቃል ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ረሳሁት። እሳቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀና ብለው፦

"ደሙ ግን አለ" አሉኝ።

"የምን ደም?"

"የእሷ። አንቺ ሁልጊዜ የምትፈልጊው ደሙን ነው። ሥጋውን ጠይቀሽ አታውቂም። ሳርዳት ተቀበልኩት።"

ብልቃጡን እኔ እንደማደርገው ቀቅለውታል፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ፣ በግድግዳው ሰዓት ቆጥረው። ክዳኑንም ቀቅለዋል። በላምባ የሚሠራው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ፣ ከአሮጌ ብልቃጦች ኋላ አስቀምጠውታል። በላዩ ላይ አራት ሐምራዊ ሰረዝ። እኔ የአራተኛዋን ደም ስጠይቅ ሊያወጡልኝ ነበር። እኔ ግን አልጠየቅኩም፤ ቅዳሜ ጠዋት ጥንቸሏን ይዤ ወጋሁ፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው እያዩ መናገር አቃታቸው።

"መሐይም ነኝ፣ ግን ደሙ የማን እንደሆነ አውቃለሁ" አሉ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 12

በዓል ነው፣ ጣቢያው ጭር ብሏል። ብልቃጡን ከፈትኩ። ሽታው ክፉ አይደለም። የረጋው ደም ግን ሟሙቶ ፈሳሹን አቅልቶታል፤ ንጹሕ ቢጫ መሆን ሲገባው። በእጅ የሚዞረውን ሴንትሪፉጅ ክንዴ እስኪዝል አዞርኩ። ትንሽ ጠራ።

አንዱ ሳህን ላይ ሦስቱንም አስቀመጥኩ፦ የአንደኛዋን፣ የሁለተኛዋን፣ ከብልቃጡ የወጣውን። መሃል ላይ የወባዋን ቁራጭ። ቁራጯ ይህች ናት፤ ከዚህ ወዲያ የለችም።

አባ ቢያ በዓል መሆኑን እያወቁ መጡ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጄን ያዩ ነበር። 


እሑድ፣ የካቲት 13

ቀኑን ሙሉ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ካለው ቤቴ አልወጣሁም። ልብስ አጠብኩ። ሳህኑን ላለማየት ነው። ደሙ ሳህኑን ስላቀላው አሁን ባየውም መስመር መኖሩ አይለይም።


ሰኞ፣ የካቲት 14

አለ።

ሳህኑን በጨው ውሃ አጠብኩት፤ ቅላቱ ለቀቀ። ከአንደኛዋ ወገን ምንም የለም። ከሁለተኛዋም ምንም የለም። ከአራተኛዋ ወገን ግን ቀጭን፣ ትንሽ የጎበጠ ነጭ መስመር። ጥቁር ወረቀት አያስፈልገውም። ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ከዚያ ማንም ሳይመጣ ፊቴን ታጠብኩ።

ጫፉ ላይ ነው። ልክ ነበርኩ። በአንዲት ጥንቸል ምንም አይረጋገጥም፣ አውቃለሁ፤ ግን ፕሮፌሰሩ ይህን ካዩ ሌላ ብልቃጥ ይሠራሉ፣ እኔም ሃያ ጥንቸል እጠይቃለሁ።

አሁን ችግሩ ሪፖርቱ ነው። መስመሩን ካመጣሁ ደሙ ከየት እንደመጣ መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩ አባ ቢያ ሁለተኛ ጥንቸል አጠፉ፣ በላዩም አጭበረበሩ ይባላል። ካልጻፍኩ መስመር የለም፣ ክፍል የለም።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ መውጫ አገኘሁ። እንዲህ ጻፍኩ፦ "ጥንቸል ቁጥር 4 በመታመሟ በእኔ እጅ ታርዳ ደሟ ለምርመራ ተወስዷል።" አለቀ። ተመራማሪ እንስሳ ቢገድል ማን ይጠይቀዋል? ሞስኮ ስንቷን አይጥ በገዛ እጄ ገድያለሁ። ቀኑን አልጻፍኩም። አንዲት ቃል ብቻ ናት የተዋሸችው፣ እሷም ለበጎ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያለብኝን የከፈልኩ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 15

እዚህ ቤት ሪፖርት ሁሉ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት በጠቅላላ ስብሰባ ይነበባል። ሐኪሙም፣ ዘበኛውም፣ ጽዳቷም ይሰማሉ። አባ ቢያ ፉርሽካ ሊያመጡ ተልከው አልነበሩም። ጓድ ታደሰ በዚያ የሬዲዮ ድምፁ አነበበው። ስለ ኳሱ ሲያነብ ሁለት ሰው ያንቀላፋ ነበር። "በእኔ እጅ ታርዳ" ሲል ግን አዳራሹ ነቃ።

"ጓድ ትርሲት፣ ቢላም ትይዣለሽ ለካ" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ጽዳቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በአገራችን ሴት እንደማታርድ ረስቼ አይደለም፤ ይህ ሪፖርት እንጂ የሠርግ ቤት አይደለም ብዬ ነው።

ጓድ ታደሰ መስመሩን በፎቶግራፍ አይቶ "ይህ ነው እንግዲህ?" አለ። ሐሙስ ይወሰናል። ፊቱ ላይ ግን ሲሚንቶው ትንሽ የራቀ መሰለኝ።


ረቡዕ፣ የካቲት 16

አባ ቢያ አልመጡም። ለጥንቸሎቹ ውሃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አላስችል አለኝና በየቡ መንገድ በሚያልፍ የጭነት መኪና ተሳፍሬ መንደራቸው ወረድኩ።

ገና ከመኪናው ስወርድ ነገሩ ሸተተኝ። ሰላም ስል የሚመልስ ጥቂት ነው። አንዲት ሴት ልጇን ከፊቴ ጎተት አድርጋ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ የገባኝን ያህል "ጥንቸሏን ያረድሽው አንቺ ነሽ?" ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ወሬው ትናንት ማታ ከዘበኛው ጋር መንደር ገብቷል። የክርስቲያን እጅ ያረደውን እስላም አይበላም፤ የእስላም እጅ ያረደውን እኔም አልበላም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ሠርግ ቤት ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ እያየሁ ነው ያደግኩት። ይህን እያወቅኩ "በእኔ እጅ ታርዳ" ብዬ ጻፍኩ። አባ ቢያ የመንደሩን ልጆች የክርስቲያን፣ ያውም የሴት እርድ አበሉ ተባለ። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ አስጉመጥምጠዋል። ሸኹ ጠርተው ጠይቀዋቸዋል። ደግ ላድርግ ብዬ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ከቤታቸው ጓሮ አገኘኋቸው። የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል በእጃቸው ያገላብጣሉ። ቀና አላሉም።

"አባ ቢያ፣ ልረዳዎት ብዬ ነው። እንዳያስሩዎት ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"የጻፍኩት ለመልካም ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከእስር አስጥላለሁ ብለሽ ከሰው አወጣሽኝ።"

ጀንፈሉን ማገላበጥ ቀጠሉ። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ያዩኝ ነበር፤ ግቢ አላሉኝም። አልፈርድባቸውም። ወደ ከተማ ስመለስ መኪና ስላጣሁ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ።

ሁለት ጊዜ ስለ እኚህ ሰው ጻፍኩ። አንዴ በንዴት፣ አንዴ በርኅራኄ። ሁለቱንም ጊዜ የሆነውን አልጻፍኩም።


ሐሙስ፣ የካቲት 17

እጄ ደክሟል፣ ግን ዛሬውኑ ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሪፖርቱን አርማለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት በሩ ተንኳኳ። አባ ቢያ ናቸው። ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

"ያረድኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ዶክተር ቢላ አልያዘችም። ሌላ ጥንቸል ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ግን እሷ አረደች ብላችሁ አታንብቡ።"

ጓድ ታደሰ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የመንግሥት ንብረት ማጥፋት፣ ማጭበርበር፣ ቀጥሎም ያችው ቃል፣ አሻጥር፣ ብሎ ቆጠረ። ተነሣሁ። የታኅሣሡን ቃል ሳላጣራ በንዴት እንደጻፍኩት ተናገርኩ። ሦስተኛዋ በምን እንደሞተች እንደማላውቅ። እኚህን ሰው ያስፈራቸው ጥፋታቸው ሳይሆን የእኔ ብዕር እንደሆነ። የሰኞውንም ውሸት ነገርኳቸው።

ጓድ ታደሰ ከዚያ ያለው ነገር እስካሁን ይሰማኛል። ሲሚንቶ ብቻ የሚያስብ ሰው አድርጌው ነበር፤ ለካ ያነባል።

"ጓድ ትርሲት፣ ሁለት ሪፖርት ጻፍሽ፣ ሁለቱም ውሸት ሆነ። ታዲያ መስመሩንስ በምን እንመን?"



ውሳኔው ለነገ ተላለፈ። እስከ ጠዋት ድረስ የሆነውን ሁሉ፣ አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ፣ ጽፌ እንዳመጣ ታዘዝኩ። አባ ቢያ ዋስ እስኪጠሩ የጥበቃ ክፍል ይቆዩ ተባለ። ዋስ መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ ከኋላቸው ሄጄ ፈረምኩ። ዘበኛው፣ ወሬውን መንደር ያደረሰው ራሱ፣ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። ቢሆንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀመጧቸው።

ሲለቋቸው ቀጥታ ወደ ክፍሌ መጡ። ጽፌ ጨርሼ ነበር።

"ምን አልሽ? አንብቢልኝ" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። "ጥንቸል ቁጥር 4 እሑድ ጠዋት ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት ስትል የእንስሳት ጠባቂው አባ ቢያ አረዷት። ደሟን ሃያ ደቂቃ በተቀቀለ ብልቃጥ ተቀብለው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡ። በማስጠንቀቂያው ምክንያት ስለፈሩ በምትኳ ሌላ ጥንቸል አስገቡ። መስመሩ የታየው በብልቃጡ ደም ነው።" ሌላም ብዙ አለው፤ የፍሪጁ ሙቀት፣ የሴንትሪፉጁ ጊዜ፣ የቀየርኳት ቃል፣ የቀየርኩበት ምክንያት።

አገጫቸውን ይዘው ሰሙ። ሲያልቅ፦

"'አረዷት' ብቻ?" አሉ።

"ምን ይጨመር?"

"ቢስሚላህ ብለው አረዷት በይ።"

"አባ ቢያ፣ በሳይንስ ሪፖርት እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።"

"ብልቃጡ ስንት ደቂቃ እንደተቀቀለ ጽፈሻል።"

"እሱማ ካልተጻፈ፣ ደሙ ንጹሕ መሆኑን የሚያነበው ሰው በምን ያውቃል?"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ" አሉ። "ሥጋው ንጹሕ መሆኑን መንደሩ በምን ያውቃል?"

እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጓድ ታደሰ ይህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሠራተኛው ሁሉ ያነበዋል። ፓርቲው የሚልከው ሰው ይሰማዋል። እኔም ለፕሮፌሰሬ ወደ ሩሲያኛ ስመልሰው ምን እንደምለው አላውቅም። ያደረጉትን ሁሉ በደቂቃ ቆጥሬ ጽፌ ይህችን ብቻ የምተውበት ምክንያት ፈለግኩ፤ ፍርሃቴን እንጂ ሌላ አላገኘሁም። ከ"አባ ቢያ" ቀጥሎ የማስገቢያ ምልክት አድርጌ ሁለቱን ቃል አስገባሁ።

የት ላይ እንደጻፍኩት በጣቴ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ረዥም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ጀንፈሉን ሳይጨልም መሸፈን አለብኝ ብለው ወጡ።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይነበባል። ክፍሉን ይውሰዱት አይውሰዱት አላውቅም፤ እሳቸውንም ተመልሰው ያስሩ እንደሆነ አላውቅም። ሪፖርቱን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የማወጣው ቃል አላገኘሁበትም።